ናይስ እና ካይንድ

አባቴ አንድን ሰው «እሱማ ጨዋ ነው» ካሉ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም ማለት ነው። እናቴ ያንኑ ቃል ከተናገረች ግን ሰውየው እኛ ቤት ምሳ ይጋበዛል።

ደሴ ነው ያደግሁት። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ለቤተ ክህነት ሰው ጨዋ ማለት የቆሎ ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ፣ ዳዊት ያልደገመ፣ ፊደል ያልቆጠረ ነው። ለእናቴ ደግሞ ሰው ፊት እግሩን የማይዘረጋ፣ ገበታ ላይ የማይጣደፍ፣ ታላቅ ሲገባ ብድግ የሚል የጥሩ ቤት ልጅ ነው። እኔ በሁለቱ መካከል ቁጭ ብዬ ሁለቱንም እሰማለሁ። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ አንድ ቀን የጎረቤታችንን የነጋዴውን ሚስት፣ «እትዬ፣ አባቴ እኮ ባለቤትዎን ጨዋ ናቸው ይሏቸዋል» አልኳቸው። ሴትዮዋ ደስ ብሏቸው በማግስቱ አንድ ቅል ማር ላኩልን። እናቴ ነገሩን ከእኔ አውጣጥታ ስትሰማ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። አባቴ ማሩን በጣታቸው ቀመስ አደረጉና፣ «ጨዋስ ጨዋ ነው፤ ማሩ ግን ንጹሕ ነው» አሉ።

በ1960 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል ገባሁ። በዚያን ጊዜ እስከ ስድስተኛ በአማርኛ የተማረ ልጅ ሰባተኛ ሲደርስ ሒሳቡም ጂኦግራፊውም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን የፒስ ኮር፣ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ፣ ልጅ ነበረች። ፒስ ኮሮች እ.ኤ.አ. በ1962 መምጣት ከጀመሩ ወዲህ የጠቅላይ ግዛት ከተማ ሁሉ ፈረንጅ አስተማሪ ለምዷል፤ እኛም ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትከራከር ከኋላዋ መከተል ትተን ነበር። ስለ ጥምቀት የጻፍኩትን ድርሰት ስትመልስልኝ ከግርጌው በቀይ ቀለም «ናይስ ወርክ» ብላበታለች። የአማርኛ አስተማሪያችንን ሄጄ ብጠይቃቸው፣ «ጥሩ ሥራ ማለት ነው» አሉኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ በዕረፍት ሰዓት ቆሎዬን ምንም ላልያዘች ልጅ ሳካፍል አይታኝ ራሴን ዳበሰችና «ዩ አር ካይንድ» አለችኝ። አሁንም ሄጄ ጠየቅኋቸው። «እሱም ያው ጥሩ ማለት ነው» አሉኝ። የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ገና አልታተመም፤ ቢታተምም የእኔ እጅ አይደርስም። ስለዚህ ናይስና ካይንድ እንደ ሁለት ስሙኒ እኩል ሆነው ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀመጡ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አንዱን ሰጥቼ ሌላውን ስቀበል ኖርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1989 ሜሪላንድ ገባሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ መኝታ ያለው አፓርትመንት ተከራይቼ፣ ብዙ የአገሬ ሴቶች እንደሚያደርጉት የነርስ ረዳትነት ሰርተፊኬት አውጥቼ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጠርኩ። ሥራው ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ ነው። እኔ የምሠራው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ሌሊቱ አምስት ነበር።

አገሩ በናይስ ተጥለቅልቋል። አየሩ ናይስ ነው፤ ጫማሽ ናይስ ነው፤ ሾርባው ናይስ ነው። ቀብር ደርሰው የመጡ ሰዎች እንኳ «ሥርዓቱ ናይስ ነበር» ይላሉ። ከሁሉ በላይ ናይስ የነበረችው የፎቁ አለቃችን ናት። የሁላችንንም የልደት ቀን ታውቃለች። ስሜን በትክክል ለመጥራት ስትል ወረቀት ላይ ጽፋ ተለማምዳለች። «ስዊቲ» ሳትል አታዝዝም፣ ሳትስቅ አትከለክልም። ለእናቴ በምጽፈው ደብዳቤ ላይ «አለቃዬ እንዴት ያለች ጥሩ ሰው መሰለችሽ» ብዬ ጽፌ አውቃለሁ።

በተቃራኒው ደግሞ አንዲት የኪንግስተን ሴት ነበረች፣ የጠዋት ፈረቃ ሠራተኛ። ፈረቃ ስንለዋወጥ እኔ እንደ አገሬ ወግ ጤናዋን፣ ልጆቿን፣ እንቅልፏን ጠይቄ ሳልጨርስ እሷ «9 ቁጥር አልበላም፤ 14 ቁጥር ቁስሉ ይታይ» ብላ ኮቷን ትለብሳለች። ጃማይካዊት መሆኗን ስሰማ ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1966 ኪንግስተን ሲወርዱ የነበረውን አቀባበል አንሥቼ ልወዳጃት ሞከርኩ። «እኔ ባፕቲስት ነኝ» አለችኝና ወሬው እዚያው ላይ ቆመ። አንድ ቀን ከባድ ታማሚ ብቻዬን ከአልጋ ላነሣ ስታገል መጥታ ገፋ አደረገችኝ። «ጉልበትሽን ልትጨርሺው ነው፤ ዘወር በይ!» ያን ቀን ተቀይሜያታለሁ። ሰው ፊት ነበር።

እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ያ ታላቅ በረዶ ወረደ። ዋሽንግተንና አካባቢው ለቀናት ተዘጋ። መንገዱ ተከፍቶ በረዶው በየዳሩ እንደ ጤፍ ክምር ቆሞ ሳለ፣ አንድ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። ውጭ አገር የኖረ ሰው በዚያ ሰዓት በር ሲንኳኳ ምን እንደሆነ ያውቃል። አሥር የሚሆኑ ሰዎች ጫማቸውን በረዶ እንደሸፈነው ገቡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። መርዶውን ሥራ የማልገባበትን ቀን ጠብቀው ከማክሰኞ ጀምሮ ይዘውት ነበር። እናቴ ካረፈች አሥራ ሁለት ቀን ሆኗታል።

ከለቅሶው መሐል ተነሥቼ መኝታ ቤት ገብቼ አለቃዬ ዘንድ ደወልኩ። «ኦ ስዊቲ!» አለች። ድምጿ ተሰበረ፤ ያለቀሰችም መሰለኝ። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፤ ስንት ዓመቷ ነበር፣ ታማ ነበር ወይ፣ ስሟ ማን ነበር አለችኝ። ከዚያ በዚያው በማር ድምፅ ደንቡን ነገረችኝ። ሰኞ ፈረቃዬ እንዳለ ነው፤ መቅረት ከፈለግሁ የሚተካኝን ሰው ፈልጌ ማምጣት የእኔ ድርሻ ነው፤ የቀረሁበትም ቀን አይከፈልም። የአገሩ ሕግ ለሐዘን የሚከፈል ፈቃድ ስጡ ብሎ አሠሪን አያስገድድም፤ ይህን በኋላ ነው ያወቅሁት። ስትሰናበተኝ፣ ልማድ ሆኖባት ነው መቼም፣ «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» አለችኝ።

ከቀትር በኋላ ስልኩ ጮኸ። ኪንግስተኗ ናት። ስልኬን ማን እንደሰጣት አላውቅም።

«ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ፈረቃሽን እኔ ይዣለሁ። እንዳትመጪ።»

ዘጋችው። «አዝናለሁ» እንኳ አላለችም። የጠዋቱ የራሷ ነው፤ የማታው የእኔ። ሦስት ቀን ሙሉ በየቀኑ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ሰዓት ቆመች ማለት ነው፣ ያውም በስድሳ ዓመቷ። ሐሙስ ስመለስ ዳቦ ይዤላት ሄድኩ። ተቀበለችኝና፣ «ፎጣዎቹን ያስቀመጥሽበት ቦታ ልክ አይደለም፤ ሦስት ቀን ስፈልጋቸው ከረምኩ» አለችኝ።

በዚያ ፎቅ 12 ቁጥር ክፍል ውስጥ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ አእምሯቸው ግን እንደ መላጭ ነው። ማታ ማታ ፀጉራቸውን የማበጥረው እኔ ነኝ። የሐዘኔን ነገር ሲጠይቁኝ አለቃዬ ናይስ እንደነበረች፣ ያችም ሴት ናይስ እንደሆነች ነገርኳቸው። እጃቸውን አንሥተው ማበጠሪያዬን ያዙት።

«አንዷ ናይስ ናት። አንዷ ካይንድ ናት። አትቀላቅይብኝ።»

ልዩነቱን ጠየቅኋቸው። ትምህርቱ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ፤ በየማታው ፀጉራቸው ተበጥሮ እስኪያልቅ ብቻ ነበር የሚያስተምሩኝ።

ናይስ፣ አሉኝ፣ ሥሩ ላቲን ነው፤ ኔስኪዩስ፣ «የማያውቅ» ማለት ነው። እንግሊዞች በ1300 ገደማ ከፈረንሳይኛ ሲወስዱት ትርጉሙ «ሞኝ» ነበር። ከዚያ እየተንከባለለ ቅብጥብጥ የሚል ሆነ፤ ቀጥሎ መራጭ፣ በትንሽ በትልቁ የሚጠነቀቅ፤ ከዚያም ረቂቅ። ደስ የሚል፣ የሚስማማ ማለት የሆነው በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ላይ የሚለጠፍ ሆኖ ቀረ። እሳቸው ብቻ አይደሉም የተማረሩት። ጄን ኦስተን ካረፈች ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1817 መጨረሻ ለሽያጭ በወጣው «ኖርዛንገር አቢ» ውስጥ ሄንሪ ቲልኒ የሚባለው ጎረምሳ ካተሪን የምትባለውን ልጅ በዚሁ ቃል ይቀልድባታል። የምትወደውን መጽሐፍ ናይስ ስላለችው፣ ዱሮ ለጥራትና ለጥንቃቄ ብቻ ይባል የነበረው ቃል ዛሬ ለሁሉም መሆኑን እየነገረ ያሾፍባታል። መምህርቷ ይህን ሲተርኩልኝ ሄንሪን የራሳቸው ተማሪ አስመሰሉት።

«የማያውቅ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። የአባቴንና የማሩን ነገር ነገርኳቸው። ጨዋ የሚለውን ቃል ደግሜ እንድልላቸው ጠየቁኝ፤ «ጨ» አልወጣ ብሏቸው «ቼዋ፣ ቼዋ» ሲሉ አመሹ። እነሱ ዘንድ ያልተማረው ሰው ስም ወደ መወደስ ሲያድግ፣ እኛ ዘንድ ያልተማረውና የተመሰገነው እስከ ዛሬ አንድ ስም ተካፍለው ይኖራሉ። (በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደግሞ ጨዋ ማለት በየአገሩ የሰፈረ የንጉሥ ወታደር ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም፤ መሽቶ ነበር።)

ካይንድ ግን የሌላ ቤት ልጅ ነው። ከላቲን አልመጣም፤ የጥንቱ የእንግሊዝኛ የራሱ ነው። «ኪን» ከሚለው ከዘመድ ጋር አንድ ሥር አለው፤ ጀርመኖች ልጅን «ኪንድ» የሚሉትም ከዚያው ዘር ነው። ተፈጥሮ፣ ትውልድ፣ ዘር ማለት ነበር፤ ዛሬም «ዓይነት» ማለት ነው። የሰውን ዘር በሙሉ «ማንካይንድ» የሚሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ አንድን ሰው ካይንድ ነው ሲሉት መነሻው ለዘመድ የሚደረገውን አደረገ ማለት ነው። ሐምሌት መድረክ ላይ አፉን ሲከፍት የመጀመሪያ ንግግሩ በእነዚሁ በኪንና በካይንድ ላይ የተሠራ ቅኔ ነው፤ አባቱ በሞተ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እናቱን ያገባው አጎቱ ልጄ ብሎ ሲጠራው፣ ዝምድናው ቢበዛም ዘመድነቱ እንደሌለ ለራሱ ያጉረመርማል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ሐምሌት አንብቤው ነበር። ያ ቅኔ እዚያ ቦታ ላይ መኖሩን ግን ያየሁት ከእሳቸው ከሰማሁ በኋላ ነው።

ካይንድን ባስተማሩኝ ሌሊት አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ የራሴን ቋንቋ ስቆፍር አመሸሁ። ወገን! የእኛም ወገን ዘመድ ነው፤ «ከየትኛው ወገን ነው» ስንል ደግሞ ዓይነት ነው። እንግሊዞቹ ከዚያው ሥር ደግነትን አወጡ፤ እኛ ያወጣነው «ወገናዊ» የሚል ስድብ ነው። እኔ ግን ተጽናናሁ፤ ኪንግስተኗ ወገን ሆናኛለች ብል ለእናቴ ይገባት ነበር። መልካም የሚለውንም አሰብኩት። ሀብት ያለው ሀብታም፣ ሆድ ያለው ሆዳም፣ መልክ ያለው መልካም። ዕለት ዕለት «መልካም ሰው» የምንለው ከሥሩ ካየነው ስለ ፊቱ ነው የምንናገረው። ደግ ግን ስለ ፊት አያውቅም።

ለነገሩ ያን ያህል ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም ነበር። ሰፈራችን ውስጥ የሚፈሩ፣ ሁሉን የሚሳደቡ አንዲት ጠላ ሻጭ ሴት ነበሩ፤ እናቴ ስማቸው ሲነሣ «አፋቸው ነው እንጂ ሆዳቸውስ ደግ ነው» ትል ነበር። ሌላውን፣ በየመንገዱ ስሞ የማይጠግበውን ዓይነት ሰው ደግሞ «ከአንገት በላይ ነው» ትላለች። ከአንገት በላይ፣ ከአንጀት። ሁለቱ ቃላት የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። ይህን የምታውቅ ሴት ልጅ ሆኜ በእንግሊዝኛ ሲመጣብኝ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አለመለየቴ ያሳፍረኛል።

አለቃዬን ግን ልበድላት አልፈልግም። ከእሷ በላይ አለቃ ነበራት፤ ሰው ያጣ ፈረቃ በስሟ ይጻፋል። ስሜን ለመጥራት የለፋችው ልፋት ውሸት አልነበረም፤ ያን የሚያደርግ ብዙ ሰው አላየሁም። ናይስነትም ቢሆን ሥራ ነው፤ ሠርቼው አውቀዋለሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ፈገግ ብሎ መዋል መንገጭላ ያማል። ቤት ገብቼ ስልክ ሳነሣ ልጄ ሰምታ፣ «እማዬ፣ ይሄ የሥራ ድምፅሽ ነው» ትለኛለች። አበሻም ብንሆን ከዚህ አናመልጥም፤ ይሉኝታችን ምንድን ነው ታዲያ? ለእንግዳ «ብሉልኝ፣ ሞቼ እገኛለሁ» እያልን ልባችን ሰዓት የሚቆጥርበት ቀን የለም ወይ? እኔ ዘንድ አለ።

የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ሐሙስ ዕለት ወደ ሥራ ስመለስ አለቃዬን አቅፌ «ናይስ ስለሆንሽ አመሰግናለሁ» ብያታለሁ። ኪንግስተኗን ያመሰገንኳት በዳቦ ብቻ ነው። ደብዳቤ የሚጻፍላት እናቴ ብትኖር ኖሮ የማንን ስም አስቀድሜ እንደምጽፍ አላውቅም።

መምህርቷ በዚያው ዓመት በበልግ ዐረፉ። ልጃቸው ከሩቅ ከተማ መጥቶ ክፍሉን ሲያጸዳ ከመጽሐፎቻቸው አንዱን እንድወስድ ነገረኝ። የኦስተንን ወሰድኩ። ሄንሪ የሚቀልድበት ገጽ ላይ ጥግ ላይ በእርሳስ ሁለት መስመር ተሰምሮበታል፤ ሌላ ምንም አልጻፉበትም።

ኪንግስተኗ ጡረታ ስትወጣ በዕረፍት ክፍል ውስጥ ኬክ ተቆረሰ፤ አንድ ትልቅ ካርድም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እኔ ዘንድ ሲደርስ አነበብኩት። ካንቺ ጋር መሥራት ናይስ ነበር፤ ናይስ ዕረፍት፤ በጣም ናይስ ነሽ። ይህን የጻፉት ሰዎች ግማሾቹ ስድስት ዓመት ሙሉ እሷን ሲያሙ የኖሩ ናቸው። እስክሪብቶ ይዤ ቆየሁ። ብዙ ነገር ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ስለዚያ ቅዳሜ፣ ስለ አሥራ ስድስቱ ሰዓት። መጨረሻ ላይ «ዩ ወር ካይንድ ቱ ሚ» ብዬ ስሜን ከሥሩ አኖርኩ። ካርዱን ተቀብላ መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የእኔ ጽሑፍ ላይ ስትደርስ ትንሽ የቆመች መሰለኝ፤ ላይሆንም ይችላል። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «12 ቁጥር ወለሉ እርጥብ ነው» ብላኝ ወጣች።

አሁን ፍሎሪዳ ናት፤ ሰማንያውን ካለፈች ቆይታለች። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ገና ትደውላለች። እንዴት ነሽ፣ ልጅሽስ እንዴት ናት አትልም። ስልኩን እንዳነሣሁ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «ያን ጉልበትሽን ለሐኪም አሳየሽ?»